ይርጋ የማያረጋው ቂም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ በአራት ቃላት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያቆማል። አንዱ ወግቶ መንገዱን የቀጠለ ነው፤ ሌላው ተወግቶ እዚያው የቀረ። ተረቱ ያላነሣው ሦስተኛ ሰው ግን አለ፤ እሱም ዳኛው ነው። ዳኛው መዝገቡን ገልጦ፣ ዓመታቱን ቆጥሮ፣ «ጊዜው አልፏል» ሊል ይችላል። የሕግ ሰዎች ይህን «ይርጋ» ይሉታል። «ረጋ» ከሚለው ግስ የወጣ ግሩም ቃል ነው። የደፈረሰ ውሃ የሚነካው ካላገኘ ይረጋል፤ የሰው ልጅ ክርክርም ዓመታት ሲያልፉበት እንዲሁ ይረጋል ተብሎ ይታሰባል። ግን የሚረጋው ለማን ነው? ለወጋው ነው ወይስ ለተወጋው?

ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ የሕግ መጽሐፍ አይደለም። አሥራ ስድስት ክፍል ያለው የኮሪያ የበቀል ድራማ ነው። ድራማውን እየተመለከትኩ የምከተለው የአንዲትን ሴት ታሪክ ቢሆንም፣ ከጀርባው የአንድ አገር ታሪክ ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ላቀርባቸው እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

አባቶቻችን ኮሪያን ያወቋት በጦር ሜዳ ነው። በግንቦት 1951 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ሲደርስ ያገኛት በጦርነት የፈራረሰችና ስደተኛ የሞላባት አገር ነበረች። የዛሬ ልጆቻችን የሚያውቋት ኮሪያ ሌላ ናት፤ መስታወት የለበሱ ፎቆች፣ መልከ መልካም ተዋንያን፣ የሚያስለቅስ ፍቅር። በነዚያ ፎቆችና በነዚያ ፍርስራሾች መካከል ስላለው ዘመን ግን ብዙ አናውቅም። ለዚያ ዘመን ደግሞ እንደ በቀል ድራማ ጥሩ መስኮት አላገኘሁም።

ድራማው «ክብር» ይባላል፤ በዓለም የታወቀው «ዘ ግሎሪ» በሚለው ስሙ ነው። ደራሲዋ ኪም ኡን-ሱክ ናት። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ክፍሎች በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ፣ የቀሩት ስምንቱ በመጋቢት 2023 በኔትፍሊክስ ቀረቡ። ታሪኩ የሚነሣው ከ2004 ነው። ሙን ዶንግ-ኡን የምትባል ደሃ ተማሪ አለች። አምስት የክፍል ጓደኞቿ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ እየያዙ በጋለ የፀጉር መተኮሻ ገላዋን ያቃጥሏታል። የቡድኑ አውራ ፓርክ ዮን-ጂን ናት፤ የሀብታም ልጅ፣ ቆንጆ፣ ሳቂታ። ዶንግ-ኡን ለፖሊስ አመለከተች፤ አልሆነም። ትምህርቷን ስታቋርጥ የምታቋርጥበትን ምክንያት በጽሑፍ አሳወቀች፤ መምህሯ ደግሞ በሌሎች መምህራን ፊት በጥፊ መታት። በመጨረሻ የገዛ እናቷ ገንዘብ ተቀብላ ፈረመችባት።

ዶንግ-ኡን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ተማረች፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርትም ሆነች። የዮን-ጂን ባል የሚወደውን «ባዱክ» የተባለ የጠጠር ጨዋታ ተማረች። ከዮን-ጂን ቤት ትይዩ ቤት ተከራየች። ዓመታት ቆጥራም የዮን-ጂን ትንሽ ልጅ በምትማርበት ክፍል ኃላፊ መምህርት ሆና ገባች። ቢላዋ አላነሣችም፤ መርዝም አልበጠበጠችም። ጠላቶቿ እርስ በርሳቸው እንዲበላሉ መንገዱን ጠረገችላቸው እንጂ። በትረካዋ ሁሉ ጠላቷን በስሟ እየጠራች፣ ደብዳቤ እንደሚጽፍላት ሰው ታነጋግራታለች። እንደዚያ ያለ ትጋት በፍቅረኛ እንጂ በጠላት ላይ ሲውል እምብዛም አናይም። «ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ይህች ሴት ጸሎቱን ትታ ቂሙን ብቻ የያዘች መናኝ ናት።

ተመልካች ከልቡ የማያወጣት ግን ዶንግ-ኡንን አይደለም፤ ዮን-ጂንን ነው። ሚናውን የተጫወተችው ሊም ጂ-ዮን በ2023 በኮሪያ ታላቅ ግምት በሚሰጠው የቤክሳንግ ሽልማት ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተብላለች። እኔም ክፍሎቹን እየደጋገምኩ ያየሁት ይህችን ክፉ ሴት ለማየት ነው ብል አላጋነንኩም። ክፋቷ የሚገርመው ጭካኔው ስላየለ ብቻ አይደለም። ጨካኝማ በየፊልሙ ሞልቷል። ዮን-ጂን በቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ የምታበስር፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃት፣ ልጇን የምትወድ እመቤት ሆናለች። ያን የስፖርት አዳራሽ ከነጭራሹ ከሕይወቷ አውጥታ ጥላዋለች። ተጠቂዋ ከፊቷ ስትቆም እንኳ የምታየው የገዛ ጥፋቷን አይደለም፤ ሰላሟን ልትነሣት የመጣች ክፉ ሴት ነው። «ምን አድርጌሽ?» ስትል ሽምጠጣ አይደለም፤ ከልቧ ነው። ክፋቷን የማይረሳ የሚያደርገው ይህ የልቧ ንጽሕና ነው። ለራሷ እውነተኛ ናት፤ ረስታለችና።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2004 የተፈጸመ የአካል ጉዳት በ2022 ክስ ሊመሠረትበት አይችልም፤ ይርጋ አግዶታል። በታሪኩ ውስጥ ከዶንግ-ኡን በፊት በዚያው ቡድን እጅ የጠፋች ሌላ ልጅ አለች፤ አሟሟቷ ራስን ማጥፋት ተብሎ የተዘጋ። ዶንግ-ኡን የዮን-ጂንን በር የምታንኳኳው በዚያች ልጅ ሞት ነው እንጂ በራሷ ቁስል አይደለም። ለራሷ ቁስል የሚከፈት በር አልነበረም። ለዚህ ነው ድራማው የበቀል ድራማ የሆነው። ፍርድ ቤቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ድራማው የፍርድ ቤት ድራማ ይሆን ነበር።

አሁን ከመስኮቱ ወደ አገሩ እንሻገር።

በኮሪያ በቀልና ጊዜ የቆየ ዝምድና አላቸው። የጆሰን ነገሥታት (1392–1910) ይሠሩበት የነበረው የቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሕግ፣ አባቱ ሲገደል ያየ ልጅ ገዳዩን እዚያው በዚያው ቢገድል አይቀጣም ይል ነበር። ቆይቶ በራሱ ሥልጣን ከገደለ ግን ስድሳ በትር ይመታል። ሕጉ ትኩስ ደምን ይቅር ብሎ የቀዘቀዘ ደምን ይቀጣል ማለት ነው። ቅጣቱም ቢሆን ስድሳ በትር እንጂ ሞት አይደለም፤ የልጁን ሐዘን ሙሉ በሙሉ አልካደውም።

በ1954 የወጣው የደቡብ ኮሪያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለነፍስ ግድያ የአሥራ አምስት ዓመት ይርጋ አስቀመጠ። ይርጋን የፈጠሩ ሰዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ምስክር ይሞታል፤ ማስረጃ ይበሰብሳል፤ ሰው በሃያ ዓመት ትዝታ ላይ ተመሥርቶ ሲፈረድበት ንጹሑ የሚታሰርበት ዕድል ይበዛል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ይህንኑ ከሚከተለው ታሪክ እናያለን።

ከመስከረም 1986 እስከ ሚያዝያ 1991 በሁዋሶንግ ገጠር አሥር ሴቶች ተገደሉ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ገዳዩን አላገኘችም። በ2003 ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ «የግድያ ትዝታዎች» የተባለውን ፊልም በዚሁ ታሪክ ላይ ሠራ። በፊልሙ መጨረሻ መርማሪውን የሚጫወተው ሶንግ ካንግ-ሆ ቀጥታ ወደ ተመልካቹ ይመለከታል፤ ገዳዩ ከተመልካቾች መሐል ተቀምጦ ቢሆን ዓይን ለዓይን እንዲገጥም ተብሎ። በ2006 የመጨረሻው ግድያ ይርጋ ሞላ። በ2019 የዘረ መል ምርመራ ገዳዩን አጋለጠው፤ ሊ ቹን-ጄ ይባላል፤ በ1994 የሚስቱን እኅት ገድሎ የዕድሜ ልክ እስራት ላይ ነበር። አሥራ አራት ሰው መግደሉን አመነ፤ በሁዋሶንጎቹ ግድያዎች ግን ሊከሰስ አልቻለም። ከነዚያ ግድያዎች በአንዱ ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት ሌላ ሰው ሃያ ዓመት ገደማ ታስሮ ነበር፤ በታኅሣሥ 2020 ነፃ ተባለ። ገዳዩ በዚሁ የድጋሚ ፍርድ ላይ ሊመሰክር ቀርቦ ስለ ፊልሙ ተጠየቀ። እስር ቤት ሆኖ እንዳየው፣ የተለየ ስሜትም እንዳልፈጠረበት ተናገረ። ተዋናዩ አፍጥጦ ያየው ያ ዓይን ባዶ ነበር። ዮን-ጂንን ሳይ ይህ ሰው ትዝ አለኝ።

በ1999 ደግሞ በዴጉ ከተማ አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው አሲድ ደፋበት። ልጁ ከአርባ ዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ። ወላጆቹ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኑ። ጊዜው ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዲስ አቤቱታ አቀረቡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2015 ሳይቀበለው ቀረ። ሆኖም በዚያው ወር የአገሪቱ ሸንጎ የነፍስ ግድያን ይርጋ ጨርሶ ሰረዘው። (በ2007 ወደ ሃያ አምስት ዓመት ከፍ ብሎ ነበር።) ሕጉ በሕፃኑ ስም ይጠራል። የሚያሳዝነው፣ የሕፃኑ መዝገብ ቀድሞ በመዘጋቱ በስሙ የተጠራው ሕግ ለእሱ አልደረሰለትም።

እነዚህ ግለሰቦች ያጠፏቸው ነፍሶች ናቸው። መንግሥት ያጠፋውስ?

ጄኔራል ቹን ዱ-ህዋን በታኅሣሥ 12 ቀን 1979 በመፈንቅል የጦሩን ሥልጣን ያዘ። በግንቦት 1980 የግዋንግጁ ሕዝብ ሲነሣበት ልዩ ጦር አዘመተ፤ በአሥር ቀን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ሰውየው እስከ 1988 ፕሬዚዳንት ሆኖ ገዛ። በሐምሌ 1995 አቃቤ ሕግ የተሳካ መፈንቅለ መንግሥት አይቀጣም የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጥቶ ክሱን ዘጋው። እንዲህ ያለውን አባባል ዮን-ጂን ብትሰማው ምን ያህል በወደደችው! ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በታኅሣሥ 1995 ቹን ታሰረ፤ የይርጋውን ቁጥር የሚያቆም ልዩ ሕግም ወጣ። በነሐሴ 1996 ሞት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አለ፤ በሚያዝያ 1997 ጸና። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ግን በምሕረት ተፈታ። በምሕረቱ ከተስማሙት አንዱ ገና የተመረጠው ፕሬዚዳንት ኪም ዴ-ጁንግ ነበር፤ በ1980 የቹን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሞት የፈረደበት ሰው! የተወጋው ለወጊው እጁን ዘረጋ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል?

የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል። እሱ አልመጣም። ቹን በ2017 ትዝታውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ በግዋንግጁ ከሄሊኮፕተር ሲተኮስ አይቻለሁ ያሉትን ሟች ቄስም በመጽሐፉ ውሸታም አደረጋቸው። በዚህ የስም ማጥፋት ክስ ፍርድ ቤት ሲጠራ የመርሳት በሽታ ይዞኛል ብሎ ቀረ። በኅዳር 2019 ግን ጎልፍ ሲጫወት በካሜራ ተያዘ። ተረታችን ሥጋ ለብሶ ሲሄድ እንዲህ ይመስላል፤ የወጋው «ረስቻለሁ» የሚል የሐኪም ወረቀት ይዞ! በ2020 የስም ማጥፋቱ ጥፋተኛ ተባለ፤ እስራቱ በገደብ ታለፈለት። ኅዳር 23 ቀን 2021 በዘጠና ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሞተ። ይቅርታ አልጠየቀም።

የኮሪያ ኪነ ጥበብ ከዚህ ሰው ጋር ያለው ክርክር አላለቀም። በ2012 «26 ዓመት» የተባለ ፊልም ወጣ፤ የግዋንግጁ ሟቾች ልጆች አድገው የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ለመግደል ሲያሤሩ የሚያሳይ ነው። ሰውየው ያኔ በሕይወት ነበር፤ በሴኦል ጎዳና ጠባቂ ተመድቦለት ይኖር ነበር። በኅዳር 2023 ደግሞ የታኅሣሥ 12ቱን ሌሊት የሚተርክ «የሴኦል ፀደይ» የተባለ ፊልም ታየ፤ ሁዋንግ ጆንግ-ሚን የጄኔራሉን ሚና ስሙ በጥቂቱ ተለውጦ ተጫወተው፤ ከአሥራ ሦስት ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ገባ። ወጣቶች ፊልሙን ሲያዩ ልባቸው በንዴት ምን ያህል እንደመታ በእጅ ሰዓታቸው እየለኩ ለጓደኞቻቸው ያሳዩ ነበር። ከነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በ1980 አልተወለዱም። ይርጋ ረግቷል የተባለው ነገር ባልተወለዱ ልጆች ደም ውስጥ ሲፈላ ማየት ይገርማል።

እንግዲህ ወደ «ክብር» ስንመለስ ድራማው ለምን ያን ያህል እንደመታ ይገባናል። የፀጉር መተኮሻው ከደራሲዋ ምናብ ብቻ የወጣ አልነበረም፤ በ2006 በቾንግጁ ከተማ አንዲት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በክፍል ጓደኞቿ እጅ እንዲያ ያለ ሥቃይ ደርሶባታል። ድራማው በመታየት ላይ ሳለ፣ በየካቲት 2023፣ ለብሔራዊ የፖሊስ ምርመራ ቢሮ የተሾመ አንድ ባለሥልጣን ልጁ በትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛውን ያሠቃይ እንደነበር ተጋልጦ በማግሥቱ ሹመቱን ተወ። በመጋቢት የድራማው ዳይሬክተር ራሱ በ1996 በሠራው ተመሳሳይ ጥፋት ተወንጅሎ፣ መጀመሪያ ካደ፤ በኋላ በጠበቃው በኩል ይቅርታ ጠየቀ። በሚያዝያ መንግሥት ደንብ አወጣ፤ ከባድ የትምህርት ቤት ጥቃት መዝገብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከሁለት ዓመት ወደ አራት ከፍ አለ፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያም እንዲታይ ተወሰነ። ይህ ሁሉ በመሠረቱ የይርጋ ጉዳይ ነው። አገሩ በአንድ ድምፅ «ቶሎ አትርሱ» ማለቱ ነበር።

በድራማው ፍጻሜ ዮን-ጂን ባሏን፣ ልጇን፣ ስሟን ታጣለች። እስር ቤት ውስጥ አብረዋት የታሰሩ ሴቶች የአየር ሁኔታ እንድታበስርላቸው እያዘዙ ይሣለቁባታል፤ እያለቀሰች ታበስራለች። ተመልካች ደስ ይለዋል፤ እኔንም ደስ ብሎኛል፤ አልክድም። ግን ያ ዕንባ የማን ዕንባ እንደሆነ ልብ እንበል። ለራሷ ነው የምታለቅሰው። ደራሲዋ ስለ ርእሱ ስትናገር፣ ተጠቂዎች የሚሹት ካሣ ሳይሆን እውነተኛ ይቅርታ ነው፣ የሚመለስላቸውም የተነጠቁት ክብር ነው የሚል ሐሳብ ሰንዝራለች። ዶንግ-ኡን ከአሥራ ስድስት ክፍል በኋላ ሁሉን ስታገኝ ከዮን-ጂን አፍ ያን አንድ ቃል ግን አላገኘችም። በቀል ከበደለኛው ብዙ ነገር ሊወስድ ይችላል፤ ትዝታውን ግን ሊሰጠው አይችልም። የበቀል ድራማ ትልቁ እውነት ይህ ይመስለኛል።

በዚያው በመጋቢት 2023፣ የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ አንድ ወጣት ግዋንግጁ ደረሰ። የቹን ዱ-ህዋን የልጅ ልጅ ነው። አያቱን ጥፋተኛ ብሎ በሕዝብ ፊት ጠራ፤ ልጆቻቸውን ባጡ እናቶች ፊት ተንበረከከ፤ የሟቾችን የመቃብር ድንጋይ በለበሰው ኮት ጠረገ። እናቶቹም አቀፉት። በ1980 ገና አልተወለደም፤ ማንንም አልገደለም። ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሕረት፣ ፍርድ፣ ፊልምና ልዩ ሕግ ያላመጡትን ቃል እሱ ይዞ መጣ።

ይርጋ ክፉ ሕግ አይደለም። ለመዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገብ ያረጃልና። ሰው ግን መዝገብ አይደለም። የደፈረሰ ውሃ የሚረጋው ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይደለም፤ የሚያደፈርሰው እግር ከውሃው ሲወጣ ነው። የወጋው «አልወጋሁም» ባለ ቁጥር እግሩን መልሶ ያገባል። ቹን እስኪሞት ድረስ እግሩን አላወጣም። ዮን-ጂንም አላወጣችም። የልጅ ልጁ አወጣ፤ ያም ቢሆን የራሱን እግር እንጂ የአያቱን አይደለም። የግዋንግጁ እናቶች ያን ቀን ያቀፉት ወጊውን አልነበረም፤ ወጊው መውጋቱን የሚመሰክርላቸውን ሰው ነው። ለአርባ ሦስት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ይህንኑ ነበርና።